ያነበብነው መጽሐፍ አይቈጠርምን?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንጫወት ክርክር ተነሣ። ክርክሩ እንደ ወትሮው ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ አልነበረም፤ ስለ አንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ነበር። ነገሩ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው። አንድ ታሪክ በፊልም ከታወቀ በኋላ፣ ያን ፊልም ተከትለው ለወጣት አንባብያን የሚጻፉ ልብ ወለድ መጻሕፍት ከዋናው ታሪክ ይቈጠራሉ ወይስ አይቈጠሩም? ይህ ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ ነው ብሎ የሚስቅ ጓደኛ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ እየዋለ ሲያድር እኛኑ ስለ ነካን ሳቁን ትተን ማሰብ ጀመርን። ያሰብነውንም ለጓደኞቻችን ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

እኛ የሐራ ልጆች ነን። ሐራን ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ በሰሜን ወሎ ከወልድያና ከመርሳ ወደ አፋር ቈላ ሲወረድ የምትገኝ፣ ሙቀቷ የበረታ፣ ማሽላ የሚበቅልባት፣ በገበያ ቀን ደገኛው ከቈለኛው የሚገናኝባት ከተማ ናት። ስሟን በጋዜጣ ያነበበ ሰው ቢኖር ምናልባት ስለ ባቡር ሲወራ ይሆናል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሰሜን እንዲዘረጋ የታቀደው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መሥመር መድረሻው ሐራ ገበያ እንድትሆን ተወስኖ ነበርና፣ ልጆች ሳለን ስማችንን በካርታ ላይ አይተን እጅግ ተደስተናል። ባቡሩን ስንጠብቅ አደግን፤ ባቡሩ ሳይመጣ እኛ በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድን። ስለዚህ «ይፋ» የሚባለው ቃል ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይይዝ ገና በልጅነታችን ቀምሰነዋል ማለት ይቻላል።

በተማሪ ቤታችን አንድ ትልቅ ሣጥን ነበር። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተከማቹበት ነው። ብዙዎቹ ለኛ የሚሆኑ አልነበሩም፤ ስለ ድመት አመጋገብ፣ ስለ በረዶ ላይ ጨዋታ፣ አገልግሎቱ ስላለፈበት ኮምፒዩተር የሚያስተምሩ ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከነዚህ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ቀጭን ልብ ወለድ አገኘን። ደራሲው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ታተመ፣ ከምን እንደ ተወሰደ የሚነግር ገጽ አልነበረውም። አንድ መዝገበ ቃላት ለአራት ይዘን፣ የማናውቀውን ቃል እየዘለልን፣ የዘለልነውን በግምት እየሞላን አነበብነው።

ታሪኩ ኦቢ ዋን የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ጄዳይ በሚባሉ ጥበበኛ ጦረኞች ቤት ያደገ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከመምህራኑ አንዱ ደቀ መዝሙሬ ነህ ብሎ ካልመረጠው፣ ጦረኛ የመሆን ተስፋው ያበቃል። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው የተመለከተው መምህር ኳይ ጎን ጂን ሳይመርጠው ቀረ። ልጁም ወደ ሩቅ ዓለም ለእርሻ ሥራ ተላከ። መጽሐፉም ሲያልቅ ልጁ ገና አልተመረጠም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ እስቲ ፍረዱ! የስምንተኛ ክፍል ፈተና በፊቱ የተደቀነበት የቈላ ልጅ ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ስለ ሌላ ዓለም የተጻፈ መሆኑ ጨርሶ ተረሳን። አላለፍህም ተብሎ ወደ እርሻ የሚመለሰውን ልጅ በየቤታችን እናውቀዋለን፤ ወንድማችን ነው፣ የአጎታችን ልጅ ነው። እርግጥ ከመካከላችን አንዱ በነገሩ አልተስማማም። «ለእርሻ ሥራ ተላከ ብሎ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል ቢቀጥሩት ጠላው!» ብሎ አሳቀን። በሀብሩ ላደገ ልጅ የተሻለ የማሽላ ዘር የሚያወጣ ሰው ከጦረኛ የሚያንስበት ምክንያት አይታየውምና ፍርዱ ያለ ነገር አልነበረም።

ፊልሙንስ? ፊልም መኖሩንም አላወቅንም። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ባይጠፋም የሚታይበት ኳስና ድራማ ነው። ለኛ ታሪኩ ማለት ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነበር፤ ከርሱ በፊትም ከርሱ በኋላም ሌላ የለም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲደርስ ትምህርት ቆመ፤ እኛም ከቤተሰቦቻችን ጋር በየገጠሩ ዘመድ ቤት ተበተንን። ማታ ማታ መብራትም ሬዲዮም በሌለበት ቤት ልጆች ሲፈሩ፣ ለታናናሾቻችን የምንነግራቸው ተረት ሲያልቅብን የኦቢ ዋንን ታሪክ እንነግራቸው ጀመር። የጠፈሩን መርከብ አውቶቡስ አደረግነው፤ አውሬዎቹን ጅብ አደረግናቸው። መጽሐፉ ልጁ ሳይመረጥ ስለሚያልቅ፣ ሕፃናቱም ይህን ሰምተው መተኛት እንቢ ስላሉ፣ እኛው ጨመርንበት። መምህሩ ተመልሶ መጣ፤ «ተሳስቻለሁ፣ ና ተከተለኝ» አለው። በዚህ ተኙ። ከወራት በኋላ ስንመለስ ሣጥኑም መጽሐፎቹም አልነበሩም። ታሪኩ ግን በአፋችን ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ማታ በመኝታ ክፍላችን ይህን ታሪክ ስናነሣ፣ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ ጓደኛችን፣ ክፋት በሌለው ቃል፣ «እሱ እኮ አይቈጠርም፤ ከቀኖና ወጥቷል» አለን። መብራቱ ሲመጣ በስልኩ እያሳየ አስረዳን። የተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የሚገርመው ግን መጽሐፉ ከፊልሙ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1976 መውጣቱ ነው። በሽፋኑ ላይ የፊልሙ ባለቤት የጆርጅ ሉካስ ስም ቢጻፍም፣ በእጁ የጻፈው አለን ዲን ፎስተር የሚባል ደራሲ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ተከትለው የተጻፉት መጻሕፍት በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሆኑ። እኛ ያነበብነው «ጄዳይ አፕሬንቲስ» ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 ለወጣት አንባብያን ከታተመው ተከታታይ የመጀመሪያው ነበር። የመጀመሪያውን ዴቭ ዎልቨርተን ጻፈው፤ ቀሪዎቹን ጁድ ዋትሰን ጻፈቻቸው። የፊልሙ ድርጅት ሉካስፊልም በዲስኒ ከተገዛ በኋላ፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዋጅ መሰል መግለጫ አወጣ። እስከዚያ ቀን ከተሠራው ውስጥ ስድስቱ ፊልሞችና አንድ የሥዕል ፊልም ተከታታይ እንደ ጸኑ ይቀራሉ፤ ሌላው ልብ ወለድ ሁሉ «ሌጀንድስ»፣ በኛ ቋንቋ አፈ ታሪክ፣ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል አለ። የኛም ቀጭን መጽሐፍ ባንድ ቀን ከአፈ ታሪክ ወገን ተመደበ። እኛ ሐራ ላይ ባገኘነው ጊዜ እኮ ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር! የተሻረ ንጉሥ መሻሩን ሳንሰማ ስንገብር ነበር ማለት ነው።

በዓል ደርሶ ወደ ሐራ ስንመለስ ክርክሩን ይዘነው ሄድን። ከመካከላችን የአንዱ ሴት አያት «ቀኖና» የሚለውን ቃል ስንደጋግም ሰምተው ቡናውን ከመቅዳት ቆሙና፣ «ልጄ፣ ደግሞ ምን አጥፍተህ ነው ቀኖና የተሰጠህ?» ብለው በድንጋጤ ጠየቁት። ለርሳቸው ቀኖና ማለት የንስሐ አባት የሚሰጡት ጾምና ስግደት ነው። ስቀን ነገሩን አስረዳናቸው። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ታዲያ ያነበባችሁትን የሻረው የትኛው ጉባኤ ነው?» አሉ። ጥያቄው ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ነበር።

ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን እንደ መጣ እርግጥ ነው። ወደ ልብ ወለድ የተሻገረው በቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በሚመረምሩበት መንገድ የሸርሎክ ሆምዝን ታሪኮች እየመረመረ አንድ የፌዝ ጥናት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የሆምዝ ወዳጆች ኮናን ዶይል የጻፋቸውን 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች «ቀኖና» እያሉ፣ ሌሎች የጻፉትን ከውጭ አስቀመጡ። ፌዙ እየቈየ ቁም ነገር ሆነና ዛሬ ስለ ፊልም የሚከራከር ወጣት ሁሉ ይህን ቃል ይናገራል።

በአገራችን ግን ቃሉ ሌላ ትዝታ አለው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ሰማንያ አንድ ናቸው ይባላል። ቁጥሩ አንድ ሲሆን፣ የትኞቹ መጻሕፍት ተቈጥረው ሰማንያ አንድ እንደሚሞሉ ዝርዝሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ከነዚሁ ይቈጠራሉ፤ አብዛኛው የክርስቲያን ዓለም ግን ከቀኖናው ውጭ አድርጓቸዋል። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ባይወስድ ኖሮ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን ሙሉውን ለማንበብ ስንት ዓመት ይጠብቁ ነበር? ኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በተገኙት ጥንታውያን ጥቅልሎች መካከል የሄኖክ ቍርጥራጮች በአራማይክ ተገኙ። እኛ ቅዱስ መጽሐፍን ከልጆች ልብ ወለድ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ይህ ከቶ አይታሰብም። ልናሳይ የፈለግነው አንዱ ቤት «አይቈጠርም» ብሎ ያወጣውን ሌላው ቤት በብራና ጠብቆ ለዓለም ሊያቈየው እንደሚችል ነው። ከዝርዝር መውጣት ከመኖር መውጣት አይደለም።

ሆኖም ለባለቤቶቹም መፍረድ ተገቢ ነው። አንድ የተረት ዓለም በብዙ ጸሐፊዎች እጅ ሲያልፍ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ የገደለውን ሌላው ያስነሣዋል፤ አንዱ ያጋባውን ሌላው ላጤ ያደርገዋል። ፊልም ሠሪው በየመጽሐፉ የተጻፈውን ሁሉ እንዲጠብቅ ቢገደድ አዲስ ነገር መሥራት አይችልም። ስለዚህ «ይህን እጠብቃለሁ፣ ያን አልጠብቅም» ብሎ መናገሩ መብቱ ነው፤ ለአንባቢውም ሐቀኝነት ነው። ሁሉም ባለቤት ደግሞ ባንድ መንገድ አይሄድም። «ስታር ትሬክ» የሚባለው ሌላው የጠፈር ታሪክ ለረጅም ዘመን የያዘው ልማድ በስክሪን የታየው ብቻ ይቈጠራል የሚል ነው፤ መጻሕፍቱ፣ ለወጣቶች የተጻፉትም ጭምር፣ ከውጭ ናቸው። «ስታር ዋርስ» ከ2006 ዓ.ም. በፊት ታሪኮቹን በደረጃ ይመድብ ነበር፤ ፊልሞቹ ከላይ፣ መጻሕፍቱ ከታች። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃው ቀረና፣ በድርጅቱ ፈቃድ የሚታተም አዲስ ልብ ወለድ ለአዋቂም ሆነ ለወጣት ቢጻፍ እኩል ይቈጠራል ተባለ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለክርክራችን ትልቅ መልስ ይዟል። ብዙ ሰው «የልጆች መጽሐፍ ስለ ሆነ አይቈጠርም» ይላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ይህ አይደለም። ክላውዲያ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ2015 ለወጣቶች የጻፈችው «ሎስት ስታርስ» ሙሉ በሙሉ ይቈጠራል። እርሷው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ልዕልት ሌያ ልጅነት በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ሆልዶ የምትባል ሴት ትገኛለች። ያ መጽሐፍ በመስከረም ወጣ፤ ሆልዶ በፊልም የታየችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የወጣቶቹ መጽሐፍ ከፊልሙ ቀድሞ አንባቢን ከርሷ ጋር አስተዋወቀ። እንግዲህ የሚያስቈጥረው የአንባቢው ዕድሜ ወይም የመጽሐፉ ውፍረት ሳይሆን፣ የባለቤቱ ፈቃድና የታተመበት ዘመን ነው። የኛ መጽሐፍ የወጣው ለልጆች ስለ ተጻፈ ሳይሆን ከአዋጁ በፊት ስለ ተጻፈ ነው። ለአዋቂዎች የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍትም አብረውት ወጥተዋል።

የወጣም ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ቲሞቲ ዛን እ.ኤ.አ. በ1991 በልብ ወለዱ የፈጠረው ትሮን የሚባል የጦር አዛዥ በአዋጁ ከወጡት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በሥዕል ፊልም ተከታታይ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ባለቤቱ ራሱ የጣለውን አንሥቶ አቧራውን አራገፈው። «አይቈጠርም» የተባለ ነገር ሁሉ ለዘላለም አይቈጠርም ማለት እንዳይደለ ከዚህ ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ፀሐይ የምትባለው የስድስት ዓመት ቀጭኔ በብዙ ቤት ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትንም አገኘች። ታሪኮቿ በመጽሐፍም ወጥተዋል። እነዚህን ያዘጋጁት ዝግጅቱን የፈጠሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ስለ ሆኑ፣ መጽሐፉ ይቈጠራል አይቈጠርም ብሎ የሚከራከር የለም። እጁ አንድ ነውና።

አባባ ተስፋዬ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጡብናል። ተስፋዬ ሳህሉ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት፣ በቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ከነገሩ በኋላ ነው። ተረቶቹ በመጽሐፍም ወጥተዋል። ዋናው የቱ ነው? በቴሌቪዥን የነገሩት ነው ወይስ የታተመው? ተረቱስ ከርሳቸው በፊት የማን ነበር? ከአያት የሰማነው ተረት በርሳቸው አፍ ሲነገር ጅቡ ሌላ ጅብ ሆኖ ያገኘነው ስንቶቻችን ነን? ማንም ግን የአያቱን ተረት «ተሽሯል» አላለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ብዙ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ ብቻ ዐወቃቸው። ያን አድማጭ «አንተ በዛብህን አታውቀውም» የሚል ደፋር ማን ነው?

ይህን ሁሉ አስበን ስናበቃ፣ ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እኅት የያዝነውን ሁሉ የሚያፈርስ ጥያቄ ጠየቀች። በዚያ በክፉ ጊዜ ታሪኩን ሰምታ ትተኛ ከነበሩት አንዷ ናት። ዛሬ አድጋለች፤ ራሷ ማንበብ ትችላለች። «ልጁን መምህሩ መጨረሻ ላይ መረጠው ያላችሁኝ እውነት ነው ወይስ እናንተ ናችሁ የጨመራችሁት?» አለች። ተያየን። ለአምስት ዓመት ያህል እውነተኛ ነው ብላ የያዘችው የኛ ፈጠራ ነበር። ሌላው ቢቀር ስለ ባለቤቶቹ አዋጅ ስንማረር፣ እኛ ራሳችን ያለ ማንም ፈቃድ በሰው ታሪክ ላይ ጨምረን፣ መጨመራችንንም ሳንናገር ኖረናል።

አፈርን። በበነጋው ጓደኛችን ነገሩን በሰፈራችን ለሚኖሩ አንድ ሼህ አጫወታቸው። እርሳቸው ሲኒማ አይወዱም፤ ጥያቄውን ግን ወደዱት። በዲን ትምህርት አንድ ቃል ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ያማረ ነው ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ ተብሎ እንደ ሆነ ነገሩት። ይህ የነጋሪዎች ሰንሰለት «ሰነድ» ይባላል። እኛ «ሰነድ» ስንል ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነበር የሚታየን። ሰንሰለቱ የጸናው ይጸናል፤ የደከመውም ደካማ ተብሎ በስሙ ይታወቃል። «ዋናው ከማን እንደ ሰማህ አለመደበቅህ ነው፤ የራስህን ቃል በሌላ ሰው ስም አትናገር» አሉት። ሃይማኖቱ ከልብ ወለድ ጋር እንደማይነጻጸር እርሳቸውም እኛም እናውቃለን፤ ምክሩ ግን ለተረት ነጋሪም ይበጃል።

ማታውን ልጅቷን አስቀምጠን ሰንሰለቱን ነገርናት። «መጽሐፉ ልጁ ሳይመረጥ ያልቃል። መረጠው የሚለውን እኛ ጨመርን፤ እናንተ እንድትተኙ ብለን ነው። ኋላ ግን ተከታዮቹ መጻሕፍት መኖራቸውን ሰማን፤ በነርሱም መምህሩ ይመርጠዋል። እነዚያን መጻሕፍት ባለቤቶቹ አፈ ታሪክ ናቸው ብለዋቸዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ግን ኦቢ ዋን የኳይ ጎን ደቀ መዝሙር ሆኖ ይታያል፤ ይህ አልተሻረም።» ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ ትክክል ገምታችኋል» አለች። ቀጥላም፣ «ያኔ ግን አታውቁም ነበር» ብላ ወቀሰችን። ሁለቱም ፍርዷ ትክክል ነው።

ይህን የምናወራው ያለ ጉዳይ አይደለም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ለሐራ ልጆች መጻሕፍት ሰብስበን ለመላክ ተነጋገርን፤ በጠፋው ሣጥን ፋንታ ሌላ ሣጥን ለመተካት ነው። ዝርዝር ሲወጣ አንድ ጓደኛችን፣ «ፊልም ተከትለው የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት፣ ያጠሩ ቅጂዎች፣ የተሻሩ ተከታታዮች ይውጡ፤ ለአገራችን ልጆች ትርፍራፊ አንላክ፤ ዋናው ዋናው ብቻ ይሂድ» አለ። አሳቡ ከክብር የመነጨ ነውና አልናቅነውም። ለገጠር ልጅ ሁልጊዜ የተረፈውን መስጠት የተለመደ በደል መሆኑን ከኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የድመቱን አመጋገብ አንብበነዋል!

ነገር ግን አልተስማማንም። ምክንያታችን ይህ ነው። ከተማ ያደገ ልጅ ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን ሲያነብ፣ መጽሐፉ ለርሱ ጭማሪ ነው፤ ስለዚህ ይቈጠራል አይቈጠርም ብሎ ለመምረጥ ይችላል። ሌላ ያላየ ልጅ ግን መጽሐፉ ጭማሪው አይደለም፤ መግቢያ በሩ ነው። በዋናው በር የገባ ሰው በጓሮ በር የገባውን «አልገባህም» ሊለው አይገባም፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ ናቸውና። የኛን ቀጭን መጽሐፍ ያን ጊዜ አንድ ጠንቃቃ ሰው «ይህስ አይቈጠርም» ብሎ ከሣጥኑ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ እኛ በዚያ ጨለማ ለልጆቹ የምንነግረው ምን ነበረን?

ስለዚህ እንዲህ ብለን ተስማማን። ለአንባቢው የሚበጅ መጽሐፍ ይቈጠርም አይቈጠርም ከሣጥኑ ይገባል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ ሰንሰለቱን እንጽፋለን፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ወጣ፣ ከየትኛው ፊልም ወይም መጽሐፍ ተነሣ፣ ባለቤቱ ስለርሱ ምን ብሏል፣ ተከታይ አለው ወይ። ያጠረ ቅጂ ከሆነም ያጠረ መሆኑንና ሙሉው ምን እንደሚባል እንጽፋለን። ይህ ሁለት መሥመር ጽሑፍ ነው፤ ድካሙ ቀላል ነው። ልጁ ግን የያዘው ነገር ከየት እንደ መጣ ያውቃል፤ ሙሉውን መፈለግ ቢወድም ስሙን ያገኛል። እኛ የተነፈግነው ፊልሙን ብቻ አይደለም፤ ያቺንም የተገነጠለች ገጽ ነው።

እንደ እኛ አስተያየት እንግዲህ የክርክሩ ፍርድ ይህ ነው። የትኛው ይፋ ነው የሚለውን ባለቤቱ ይወስን፤ መብቱ ነው። የትኛው ተነቧል የሚለውን ግን ባለቤቱ ሊወስን አይችልም፤ የተነበበ ተነቧል። ለኛ ለአንባብያንና ለነጋሪዎች የቀረልን ሥራ ያገኘነውን ከማን እንዳገኘን፣ የጨመርነውንም መጨመራችንን ሳንደብቅ ማስተላለፍ ነው። አያቶቻችን ተረቱን ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ» ይላሉ። ልጆች ሳለን ይህ ቀልድ ይመስለን ነበር። አሁን ስናስበው ግን፣ ተረቱ ከኔ ነው የሰማኸው፣ ስትነግር ይህን አትርሳ ማለታቸው ይመስለናል።

ሣጥኑ በመኝታ ክፍላችን ከአልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ገና ግማሹም አልሞላም። የልጅነት መጽሐፍ ያለው ጓደኛ፣ ይፋ ይሁን አፈ ታሪክ፣ ያምጣልን። እርሳሱን እኛ እንችላለን።